የጣውንቴ ጥርስ

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ ድርቤ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። አንዴ ቢሰፋ የሚበቃውን ሁሉ ደግሞ ስለሚሰፋው የወጣለት ነው። የጭነት መኪና ሸራ ይሁን፣ የበቅሎ ኮርቻ ይሁን፣ የመሣሪያ መያዣ ከረጢት ይሁን፣ ጨርሶት ክሩን ከቆረጠ በኋላ ተመልሶ ከመጀመሪያው መስመር ጎን ሌላ መስመር ያወርድበታል። ደንበኞቹ ለሥራው ካለው ፍቅር ይመስላቸውና ያመሰግኑታል። እኔ ግን ከምን እንደመጣ አውቃለሁ።

እኔ አፈኛ ነኝ፣ ካሁኑ ልናገር። ሆዴ ወሬ አይችልም። ጎረቤት በጓዳ የነገረችኝን በር ላይ ሳልደርስ የምዘረግፍ ሴት ነኝ። እሱ ደግሞ ቃል ከአፉ በጉጠት ካልተሳበ የማይወጣ ሰው ነው። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው የምንውለው፤ እኔ ሸራ እቆርጣለሁ፣ ጠርዝ አጥፋለሁ፣ የገመድ ቀዳዳ ላይ የብረት ቀለበት እመታለሁ፣ እሱ ይሰፋል። የሚሰፋባትን መኪና ጣውንቴ ነው የምላት። ቀልዴን አይደለም።

ጥቁር ናት፣ ከባድ ናት፣ ከሁለታችንም በዕድሜ ትበልጣለች። አንድ የቆዳ ፋብሪካ ሲዘጋ ዕቃውን ሜዳ ላይ ሲያወጣ ዝናብ እየመታት ባሌ አይቶ አዘነላት፣ በጋሪ አስጭኖ አመጣት። ቀለሟ እጅ በሚነካት ቦታ ሁሉ ተልጦ ብረቷ ያብለጨልጫል። ዛሬ የሚመጡት መኪኖች እጥፍ ቆዳ ሲያዩ ሞተራቸው ያቃስታል፣ መርፌያቸው ይጎብጣል፤ እሷ ቆዳውንም ሸራውንም ደራርበህ ስትሰጣት ዱብ ዱብ እያለች ትውጠዋለች። ፈጣን አይደለችም፣ ግን እልኸኛ ናት።

ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ፣ ገና ሻይ ሳይቀምስ፣ እሷን ነው የሚያየው። አንገቷ ላይና ወገቧ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ዘይት ጠብ ያደርግላቸዋል። ከሥሯ የተጠራቀመውን የክር ብናኝ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠርጋል። መርፌዋን በጥፍሩ ይዳስሳል፤ ጫፏ ትንሽ ከዶለዶመ አውጥቶ ይጥላል። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቷ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር ካለው አጥንት ጋር አስደግፎ፣ መዘውሯን በእጁ ቀስ እያደረገ ያዞርና ያዳምጣል። ውስጧ የሚፋተግ ነገር ካለ በአጥንቱ ይሰማዋል። እኔ በጉንፋን ስሳል ግን ዞር ብሎም አያየኝም። አንድ ቀን ይህን ብነግረው፣ አንቺ ሲያምሽ ትናገሪያለሽ፣ እሷ አትናገርም አለኝ። ምን ይባላል እቴ?

ይህን ሁሉ እንክብካቤ ያገኘችው ጣውንቴ አንድ ጉድለት ነበረባት፤ እሱንም አላስነካም ብሎ ኖሯል። ከመርፌዋ ሥር ዕቃውን እየነከሰች ወደ ኋላ የምትገፋ ባለ ጥርስ ብረት አለች። ድሮ መርፌ ተሰብሮ ከመሃል አንዱን ጥርስ ነቅሎታል። ሥራዋን አይከለክላትም፤ ብቻ የሰፋችውን ቆዳ ገልብጣችሁ ብታዩት የጥርሶቿ ንክሻ ተደርድሮ መሃል ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው። በመንገዱ ላይ ካሉት ሰፊዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ምልክት የሚተው የለም። መካኒኩ ጓደኛው በመጣ ቁጥር፣ ያቺን ብረት ልቀይርልህ፣ ከተጣሉ ዕቃዎች መሃል ደህናዋን አግኝቼልሃለሁ ይለዋል። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። መካኒኩም ወደ እኔ ዞሮ፣ ሴትዮ፣ ባልሽ ጥርሰ ፍንጭት ነው የሚወደው ይለኛል። እስቃለሁ። ለምን እንደማይቀይራት ግን አውቃለሁ።

ያኔ ገና ፀጉሩ ጥቁር ነበር። ከፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ግድግዳ የሚቀባ አንድ ጎልማሳ ወደ ሱቃችን መጥቶ የወገብ ቀበቶ አዘዘ፤ በሁለት ጫፉ የብረት ቀለበት ያለው፣ ወፍራም ጥብጣብ፣ ከውስጥ ቆዳ የለበሰ። ቀበቶው እስኪያልቅ በር አጠገብ ከቆመው የሸራ ጥቅል ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እግሩ መሬት አልደርስ ብሎት በተረከዙ ጥቅሉን ዱብ ዱብ ያደርገዋል። ቀልደኛ ነበር። እኔን፣ እትዬ፣ ሰውየሽ የሚናገረው በዓመት በዓል ነው ወይ ብሎ አስቆኛል። ቀበቶውን ሲቀበል ግን ሳቁን ትቶ ባሌን፣ ጋሼ፣ አደራ ጠንክሯል አይደል፣ እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም አለው። ባሌ ቀለበቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎተተና ሰጠው።

ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። አብረውት የሚሠሩት ቀበቶው ለቀቀ አሉ። ከዚያ በላይ የነገረን የለም።

ባሌ ለቅሶው ላይ ሄዶ ጥግ ይዞ ተቀምጦ መጣ። ቀበቶውን አሳዩኝ አይል ነገር፣ ልጇን የቀበረች እናት ፊት ይህ እንዴት ከአፍ ይወጣል? ጥያቄው ግን አብሮት ቤት ገባ። የለቀቀው ምኑ ነው? ጥብጣቡ ነው የተበጠሰው? ቀለበቱ ነው የተከፈተው? ወይስ የእሱ ስፌት ነው የተተረተረው? ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። ይህቺን ሳያውቅ ሸበተ። ድርብ መስፋት የጀመረው ያኔ ነው። ጥርሷን አልቀይርም ያለውም ያኔ ነው። አንድ ቀን ቀበቶውን ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ ይህ የማን እጅ ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ምልክቴ ይገኝ፣ አልደበቅም ነው ነገሩ። እኔ እብደት ነው አልኩት።

ያ የሸራ ጥቅል ተሸጦ፣ በቦታው ሌላ ጥቅል ቆሞ፣ እሱም አልቆ ሌላ ተተክቷል። ቦታው ግን የልጁ ሆነ። ባሌ እዚያ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል በርጩማ ያቀርብለታል። መሀል ስፌት ላይ እያለ በድንገት እግሩን ከፔዳሉ ያነሳና መኪናዋ እስክትቆም ይጠብቃል፤ ቆማም ያዳምጣል። ምነው ስለው፣ ምንም ይላል። አንዴ ግን ተሸንፎ ነገረኝ። መኪናዋ ስትቆም እንኳ ዱብ ዱብ የሚል ይሰማኛል አለኝ፣ ተረከዝ ነው የሚመስለው። ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ጠበል አስጠምቅሃለሁ፣ ሐኪም ዘንድ እወስድሃለሁ ብዬ ጮህኩበት። ልጁ እኮ አያስቸግረኝም አለኝ፣ መልስ ነው የሚጠብቀው።

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ቢሆንም አንድ የክረምት ከሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ሱቁ ደንገዝገዝ ብሎ፣ እሱ ክር ሊገዛ እንደወጣ፣ ብቻዬን ጠርዝ ሳጥፍ ያ ጥቅል መሃሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ አየሁት፤ ሰው ተቀምጦበት እንደተነሳ። ሸራ እኮ በራሱ ክብደትም ይጎደጉዳል፣ አውቃለሁ። ግን ተነስቼ በር ላይ ቆሜ ነው እሱ እስኪመለስ የጠበቅኩት። ለእሱ አልነገርኩትም፣ ደስ እንዳይለው።

እንዲህ እንዲህ ስንል ኖረን፣ እናትየው መጡ።

ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዛ በር ላይ አድርሳቸው፣ ገበያ ደርሳ እንደምትመለስ ነግራቸው ሄደች። ዓይናቸው ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። ማን እንደሆኑ ሳይናገሩ ነው ያወቅኳቸው፤ ልጁ ቁርጥ እሳቸውን ነበር። ባሌም አወቃቸው። ከመኪናዋ ተነስቶ ቆመ፣ እጁ ላይ ያለውን ዘይት በሱሪው ላይ ሲጠርግ ሲጠርግ አላልቅ አለው። ወንበር አቀረብኩላቸው። እሳቸው ግን ዳብሰው ያገኙት ጥቅሉን ነበረና እሱ ላይ አረፉ። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ።

ከነጠላቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቀበቶው ነበር።

ብዙ ዓመት አልጋቸው ሥር እንዳስቀመጡት ነገሩን። ዓይናቸው ደህና ሳለ ከፍተው ለማየት ፈሩ፣ ለሰውም አሳይተውት አያውቁም፤ አሁን ግን ዕድሜያቸው እየመሸ ነው፣ ሳያውቁ መሞት አልሆነላቸውም። ልጃቸው ቀበቶውን ሲያመጣው ወገቡ ላይ ላላ ብሎ ነበር፤ ቀጭን ነበር ልጁ፣ እንደልቡ አልበላ ብሎ። ወደ ሱቁ መልሰህ አስጠብበው ቢሉት ጊዜ አጣ፣ ሥራው ጠዋት ነው። እናት አይደሉ? በአንድ ጫፍ ያለውን ስፌት ፈቱት፣ ጥብጣቡን ሳይቆርጡ አጥፈው አሳጠሩ፣ ቀለበቱን አስገብተው መልሰው በእጃቸው ሰፉት። ክሩም ቤት የነበረው ነው፣ የብርድ ልብስ የሚጥፉበት። ያኔ ዓይናቸው ደህና ስለነበር አጥብቄ ነበር የሰፋሁት አሉ። አጥብቄ ነበር የሚለውን ደጋግመው አሉት።

ከዚያ ቀበቶውን ወደ ባሌ ዘረጉለት። «የተለቀቀው በአንድ ጫፉ ነው። የትኛው እንደሆነ በእጄ ብዳስስ አልለይ አለኝ። አንተ የሰፋኸው ነህና ታውቀዋለህ። ልጄ፣ እኔ የሰፋሁት ነው ወይስ ያንተ?»

ባሌ ቀበቶውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ወሰደው። እኔም መቀሴን ጥዬ በትከሻው ላይ ተንጠራርቼ አየሁ። ሰው ዓይኑን ሊጠራጠር ይችላል፣ እንዲህ ያለውን ግን ሰፊ ሆኖ አይስተውም። በአንደኛው ጫፍ የመኪናችን ስፌት አለ፣ ቀለበቱን አንቆ ይዞታል፣ አንድ ክር እንኳ አልሳሳም። በሁለተኛው ጫፍ ቀለበት የለም። የተተረተረ የእጅ ስፌት ነው፤ የብርድ ልብስ ክር ተበጣጥሶ ጺም አውጥቷል። ከእሱ አለፍ ብሎ እናትየው ከፈቱት ስፌት የቀሩ የመርፌ ቀዳዳዎችና የጥርስ ንክሻዎች አሉ፣ መሃላቸው ባዶ። ባሌ ምንም አላጠፋም። ስንት ዓመት ሙሉ ምንም አላጠፋም ነበር።

ደስታው ልቤን ሊያወጣው ደረሰ። እንባዬ መጣ። አፌን ከፈትኩ። ባሌ ሳያየኝ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ክንዴን ያዘኝ፣ አጥብቆ። በትዳራችን እንደዚያ ይዞኝ አያውቅም።

ሄዶ እናትየው እግር ሥር ቁጢጥ አለ። ቀኝ እጃቸውን ይዞ አስነሳቸውና ወደ መኪናዋ መራቸው። ዕቃውን ከላይ የምትጫነውን መርገጫዋን አነሳ። ጣታቸውን ወስዶ ከመርፌዋ ሥር ጥርሶቹ ላይ አሳረፈው።

«ይህ የእኔ መኪና ጥርስ ነው እማማ። መሃሉ ላይ አንድ የጎደለ አለ። ይሰማዎታል?»

ይሰማኛል አሉ።

ጣታቸውን አንስቶ በተለቀቀው ጫፍ ላይ፣ በክሩ ጺም ላይ ሳይሆን ከእሱ አለፍ ብሎ ያሉት የቀሩት ንክሻዎች ላይ፣ ቀስ አድርጎ አስኬደው። ቆዳው ላይ ጉድጓዶቹ ተደርድረዋል፣ መሃል ላይ ባዶ። እናትየው ሄዱበት፣ ተመለሱበት። ያን ሁሉ ዓመት መካኒኩን እየከለከለ ያቆያት ምልክት ለዚህ ዋለች።

«የተለቀቀው የእኔ ነው» አላቸው። ከዚያ የጸናውን ጫፍ መዳፋቸው ውስጥ አስገባና ቀለበቱን ከእሳቸው እጅ ጋር አብሮ ጎተተው። «ይኸውልዎ፣ የእርስዎ ዛሬም ይዟል።»

አላጣሩም። ምን ያጣራሉ፣ በገዛ ራሱ ላይ ሞት የሚመሰክር ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ቀለበቱን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ትከሻቸው ወረደ፤ ለስንት ዓመት ተሰቅሎ የኖረ ነገር ሲወርድ ታየኝ። ከዚያ ፊታቸው ሌላ ሆነ። የማያይ ዓይናቸውን ባሌ ላይ ተክለው፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ እግዜር ይይልህ አሉት። እጅህ አይባረክ አሉት። አንተ ከሚስትህ ጋር እዚህ ስትስቅ እኔ የራሴን ጣት ልቆርጥ እየቃጣኝ ነው የኖርኩት አሉት። እሱ አንገቱን ደፍቶ አዎ አላቸው፣ በእያንዳንዱ አዎ አላቸው። ጎረቤታቸው ስትመጣ እጇን ይዘው፣ ሲገቡ ከነበረው ቀና ብለው ወጡ። ቀበቶውን ወሰዱት።

በሩን ዘጋሁና ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት። ሰው አይደለህም አልኩት። ሠፈሩ ነገ ነፍሰ ገዳይ ሲልህ ምን ልትል ነው? እኔስ? እኔስ የማን ሚስት ልባል ነው? ስንት ዓመት ያስለቀሰህ ነገር ነጻ ሲያወጣህ እንደገና እግርህን ሰንሰለት ውስጥ ታስገባለህ? ስድብ ሲያልቅብኝ አለቀስኩ። እሱ መኪናዋን በጨርቅ እየወለወለ ሰማኝ።

«እኔ ለምጄዋለሁ» አለኝ። «እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው የት ያስቀምጡታል?»

የጣልኩትን መቀስ ከወለሉ አንስቼ ቦታው ላይ ሰቀልኩት።

ወሬው ወጣ። አንዳንዱ ደንበኛ ሥራውን ወደ ሌላ ሰፊ አዞረ፣ አንዳንዱ ሰላምታውን አሳጠረ። ድርቤ የሚለው ስም እንኳ ከአፋቸው ሲወጣ ሌላ ቃና አመጣ። የእናትየውን ጎረቤት አግኝቼ ስለ እሳቸው ስጠይቃት፣ ኧረ ተመስገን፣ እህል መቅመስ ጀምረዋል፣ እንቅልፍም አላቸው አለችኝ። ጠዋት ተነስተው ባልሽን ይረግማሉ፣ ከዚያ ቁርሳቸውን ይበላሉ አለች፤ ልታስቀይመኝ ፈልጋ ነው። ይብሉ አልኳት። ሌላውን ሁሉ ዋጥኩት።

መካኒኩ ከእኛ አልራቀም። አንድ ቀን ያቺን ጥርስ ይዞ መጣና እንደ ልማዱ ሊቀልድ ሲል ባሌ ቀይራት አለው፣ እንዲሁ። ቀየራት። አሮጌዋን ከወለሉ ላይ ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ ከክሮቼ ጋር አኑሬያታለሁ። አሁን ጣውንቴ ሙሉ ጥርስ ናት፤ የምትሰፋው ከጎረቤት ስፌት አይለይም። ባሌ ድርብ መስፋቱንም ትቷል። መሃል ሥራ ላይ ቆሞ አያዳምጥም። ሻዩን ሲጠጣ ጥቅሉ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ እግሩን ሳይቀር እያወዛወዘ። ልጁ መልሱን ሰምቶ የሄደ ይመስለዋል።

አልሄደም። ወደ እኔ ነው የዞረው። ባሌ ሲወጣና መኪናዋ ስትቆም፣ መቀሴን ከሸራው ላይ ሳነሳ፣ ዱብ ዱብ ይለኛል። ከኋላዬ ነው። ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፣ እናቱ የማታውቀውን እውነት የምናውቀው እኔና ባሌ ብቻ ነን፤ ከሁለታችን ደግሞ አፉ የማያርፈው የእኔ ነው። ዝም እንድል ይሁን እንድናገር የሚወተውተኝ ግን አይገባኝም። ፊቴን ሳላዞር፣ አልናገርም፣ ሂድ እለዋለሁ። ያርፍና ደግሞ ይጀምራል።

ባለፈው ሳምንት እናትየው በሱቃችን በር አለፉ። ጎረቤታቸው ከሰው ጋር ወሬ ይዛ ወደ ኋላ ቀርታለች፣ እሳቸው በትር ይዘው ግድግዳውን እየዳበሱ ብቻቸውን መጡ። የመኪናዋን ድምፅ ሲሰሙ ቆሙ። እኔ በር ላይ ሸራ እያጠፍኩ ነበር።

«ያ ሰውዬ ዛሬም ይሰፋል?» አሉ።

ይሰፋል አልኳቸው። ባሌ ድምፃቸውን ሰምቶ መኪናዋን አቆመና ከመቀመጫው ተነስቶ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ቆመ፤ እንደማያዩት እያወቀ። እሳቸው ወደ ውስጥ እንትፍ አሉ። ምራቁ ደፉ ላይ፣ እግሬ አጠገብ አረፈ።

መኪናዋ ቆማለች፤ ከኋላዬ ጥቅሉ ላይ ያ ተረከዝ ይመታል። ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ መጣ፤ የብርድ ልብሱ ክር፣ የጸናው ቀለበት፣ የባሌ ሽበት። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፣ ከዚያ ባሌ ነጻ ነው። አሮጊቷ በበትራቸው የበሩን ፊት ይዳብሳሉ፣ ከፊታቸው የተቆፈረ ቦይ አለ።

ሸራውን አስቀምጬ ክንዳቸውን ያዝኩ። «እማማ፣ ወደ እዚህ ይምጡ፣ እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ» አልኳቸውና መንገዱን አሻገርኳቸው።